የኦኖሬ ዛፍ

ክሌሪስ ከማሳዋ እያለከለከች ስትደርስ ገመድ የአቮካዶው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጠምጥሟል። ሁለት ወታደሮች ደወሉን ግንዱ ሥር አስቀምጠው ላባቸውን ይጠርጋሉ። አንደኛው አቮካዶ ቀጥፎ ይበላል።

«ባለቤቱን ጠይቀሃል?» ትለዋለች።

«ዛፍ እኮ ነው፣ እማማ።»

«የኦኖሬ ዛፍ ነው። እኔ እናቱ እንኳ ሳልጠይቀው አልቀጥፍም።»

ወታደሩ አፉ እንደሞላ ዙሪያውን ያያል። ኦኖሬ ግን የለም። ነጻነት ሊታወጅ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከካፕ ከተማ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ከፈረንሳዮች ጋር ሲዋጋ ወድቋል፤ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። እናቱ ዘንድ የቀረው፣ በተወለደ ሰሞን ከአቮካዶ ፍሬ ጋር እዚህ የተቀበረው እትብቱ ብቻ ነው። እትብት የተቀበረበት ዛፍ ደግሞ የልጁ ነው፤ በዚህ አገር ይህን የማያውቅ የለም። ወታደሩም የራሱ ዛፍ የሆነ ቦታ ይኖረዋል። የያዘውን ቀስ ብሎ መሬት ያስቀምጣል።

እትብቱን ሲቀብሩ አፈሩን የቆፈረው ፖሊካርፕ ነው፤ የኦኖሬ የክርስትና አባት፣ የክሌሪስ አበልጅ። አሁን ወታደሮቹን የሚያዘው እሱ ነው። ኮርፖራል ብለው ሰማያዊ ኮት ሰጥተውታል፤ ጫማው ገና ነው።

«አበልጄ፣ አትፍረጂብኝ» ይላል፣ ዓይኗን ሳያይ። «ጄኔራሉ የጌቶቹን እርሻ ተረክቧል። ደወሉ ሁሉ የሚሰማው ከፍታ ላይ ይሰቀል ብሏል። ከዓመፁ ቃጠሎ የተረፈ ትልቅ ዛፍ ደግሞ ሌላ የታለ?»

«ከውሃ ጉድጓዱ ያወጣኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«የጨመርከውስ?»

 ያ ደወል ነው በባርነቱ ዘመን ሳይነጋ ቀስቅሶ ወደ ሸንኮራ አገዳው ሲነዳቸው የኖረው። ዓመፁ የተነሳ ዕለት ፖሊካርፕና ባሏ ከጌቶች ግቢ አውርደው የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ውሃው ዋጥ ሲያደርገው ክሌሪስ እዚያው ቆማ ነበር። እንደዚያን ቀን ስቃ አታውቅም። አሁን ለመቆጣት እንኳ ጉልበት አጥታለች።

«እንደዚያ ዘመን አይደለም እኮ» ይላል ፖሊካርፕ። «ከምርቱ ሩቡ የኛ ነው። ጌታ የለም። ጅራፍም ቀርቷል።»

«የያዝከው ምንድን ነው?»

«ይሄማ ዱላ ነው።»

አንደኛው ወታደር ሳቁ ያመልጠዋል።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ትላለች ክሌሪስ። የዛፉ ሥር ላይ ቁጭ ትላለች። «ስማኝ አበልጄ። አገዳውን ቁረጪ በሉኝ፣ እቆርጣለሁ። ሌላ ምን አውቃለሁ? ይሄን ግን ከልጄ ላይ አንሳልኝ። የሞተው ይሄን ድምፅ እንዳይሰማ ነው።»

ፖሊካርፕ አጠገቧ ቁጢጥ ይላል። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

«እኔ ካልሰቀልኩት ነገ ሌላ ይልካሉ። የሚመጣው የኦኖሬ የክርስትና አባት አይሆንም። ለምን ይጨነቃል? ዛፉን ቆርጦ ምሰሶ ያደርገዋል።»

እውነቱን ነው። የከፋትም እውነቱን መሆኑ ነው። ክሌሪስ ዛፉን ቀና ብላ ታያለች፤ ዘንድሮ ፍሬው ከብዶት ቅርንጫፎቹ ጎንበስ ብለዋል። ከዚያ ዞር ብላ ቤቷን ታያለች። ጎጆ ናት። ከበሯ በላይ ያለው አግዳሚ ግን ባሏ ከተቃጠለው ወፍጮ በትከሻው ያመጣው እንጨት ነው፤ እሳት ያልበላው።

«እኔ ቤት ስቀለው» ትላለች።

«ምን አልሽ?»

«ከደጄ። ኮረብታው ያው ነው፣ ድምፁም ያው ነው።»

«አናትሽ ላይ? ቤትሽ ይፈርሳል!»

«ከፈረሰ እኔ ላይ ይፍረስ። ልጄ ይረፍበት።»

ፖሊካርፕ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ብድግ ብሎ ገመዱን ከቅርንጫፉ ራሱ ይፈታል፤ ልጡ እንዳይላጥ ይጠነቀቃል። ወታደሮቹ ደወሉን ተሸክመው ይከተሉታል። አግዳሚው ሲሰቀልበት ሲጥ ይላል፣ ግን ይችለዋል። ክሌሪስ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ትመልሳለች። ዛፉ ተርፏል።

«አሁን ይሞከራ» ይላል አቮካዶውን የበላው ወታደር። «ማነው የሚደውለው?»

ፖሊካርፕ ወደ መሬት ያያል።

«ትእዛዙ...» ይላል። «ደወሉ ካለበት ቤት ያለ ሰው ነው። በየጠዋቱ።»

ይህን አላሰበችውም ነበር።

ታች ተዳፋቱ ላይ ጎረቤቶቿ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ካሳቫ ይኮተኩታሉ። ከእነሱ አንዷ፣ ፊፊን፣ ቦይ ዳር ተቀምጣ ሕፃኗን ታጠባለች። ክሌሪስ ወደ ዛፉ ታያለች፣ ወደ ፊፊን ታያለች። ገመዱን ትይዛለች። እንቢ ብትል ደወሉ የት እንደሚመለስ ታውቃለች።

ትስበዋለች።

ጭቃ አፍኖታል፣ ዝጎ ሻክሯል፣ ድምፁ ግን ያው የጥንቱ ነው። ታች ያሉት ወገባቸው አንድ ላይ ቀና ይላል። ፊፊን ጡቷን ከልጇ አፍ ነጥቃ ልጁን ጀርባዋ ላይ ታስራለች። ማንም አላዘዛቸውም። ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወደ አገዳው ይሄዳሉ።

ፖሊካርፕም ከነኮቱ፣ በባዶ እግሩ፣ እንደ ድሮው ወደ አገዳው ቁልቁለቱን ተያይዞታል።

«አበልጄ!» ትለዋለች ክሌሪስ። «አንተ ወዴት ነው?»

ይቆማል። እግሮቹን ያያል፣ ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ዱላ ያያል። ታች ሰዎቹም ቆም ብለው፣ ማን ነው የደወለው ብለው ወደ ኮረብታው ቀና ይላሉ። ክሌሪስ ገመዱን እንደያዘች ቆማለች።