ከአራተኛው መስኮት ያልተለቀቀው መዝገብ

የሆስፒታሉ የመረጃ ቋት ባለሙያ ሊቆጣ ወርዶ ከአራተኛው መስኮት መዝጋቢ ጀርባ ቆመ። የምዝገባ መስኮቶቹ ሁሉ ሥራ ያቆሙት እርሷ በኮምፒውተሯ ከፍታው ሳታስቀምጠው የተወችው አንድ መዝገብ ቋቱን ስለ ቆለፈው መሆኑን ደርሶበት ነበር።

«እትዬ፣ ሕመምተኛው እኮ ተሰልፎ ቀረ!»

መዝጋቢዋ ዞር አላለችም፤ ጣቷ «አስቀምጥ» በሚለው ቁልፍ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «ታናሽ ወንድሜ ነው» አለች። ባለሙያው ስክሪኑን ተመለከተ፤ ከስሙ ትይዩ «ሞቷል» ተብሎ ተጽፏል።

በዚህ መካከል የእጅ ስልኩ ጮኸ፤ አለቃው ነበር። «መንስኤውን ካገኘኸው ምን ትጠብቃለህ? የኮምፒውተሯን ግንኙነት ቁረጠዋ!»

«ከቆረጥሁት እትዬ የጻፉት ይጠፋል፤ እንደገና ሊጽፉት ነው። ጥቂት ታገሡን» አለና ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ኧረ ሁለተኛስ አልጽፈውም» አለች መዝጋቢዋ፤ ቁልፉንም ራሷ ተጫነችው። ወዲያው በየመስኮቱ «ተረኛ!» ይባል ጀመር። እርሱ ግን ከወንበሩ አልተነሣም።