የካዛሮች የመጨረሻ ገጽ

«ይሄን አላነበውም» አለች ረቢያ፣ የጆሮ ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አውርዳ።

«እንዴ፣ አንድ ገጽ እኮ ነው የቀረሽ» አላት ሐቢብ ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል። የአጎቷ ልጅ ነው፤ የዩቲዩብ ቻናሉም የእሱ ነው። ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ባለች ጠባብ ክፍል የታሪክ ዝግጅት ይሠራል፤ እሷ ታነብለታለች።

እስከዚያ ገጽ ድረስ ደስ እያላት ነበር ያነበበችው። ካዛሮች ከሺህ ዓመት በፊት በጥቁር ባሕርና በካስፒያን ባሕር መካከል መንግሥት ያቆሙ ፈረሰኞች ነበሩ። ንጉሣቸው የአይሁድን እምነት ተቀብሎ ነበር፤ በከተማው ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የራሱ ዳኛ ነበረው። እዚህ ላይ «ልክ እንደ ወሎ!» ብላ ስቃ፣ ሐቢብም አብሯት ስቆ ነበር።

የመጨረሻው ገጽ እንዲህ ይላል፦ የዛሬዎቹ የአውሮፓ አይሁዶች የካዛር ዘር ናቸው፤ ስም የሰረቁ መጤዎች ናቸው። እናንተም ጎረቤታችሁን ከየት እንደመጣ ጠይቁት።

«ተመራማሪዎች ውሸት ነው ብለውታል» አለች። «እውነት ቢሆንስ? ሺህ ዓመት የኖረ ሰው መጤ ይባላል?»

«ሰው የሚያየው እንዲህ ያለውን ነው። ደሞ አንቺን ማን ነካሽ?»

ረቢያም አባቷም የተወለዱት ወለጋ ነው፤ በንጉሡ ጊዜ ከአምባሰል የወጡት አያቷ ናቸው። አንድ ጠዋት መሣሪያ ይዘው ግቢያቸው የገቡት ሰዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር። ከየት ነው የመጣችሁት? አባቷ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ አላስጨረሷቸውም። የቀበሯቸው ጎረቤታቸው ኦቦ ገመቹ ናቸው።

ማዳመጫውን መልሳ አጠለቀች። «ቅረጽ» አለችው።

ቀረጸ። ወረቀቱን ገልብጣ ከራሷ ተናገረች።

«ካዛሮች ከየት እንደመጡ፣ የት እንደገቡ፣ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ከየት መጣችሁ እያለ ደጃችሁ የሚመጣ ሰው ግን ታሪክ ሊያስተምራችሁ አይደለም። ቤታችሁን ፈልጎ ነው።»

«በቃ! በቃ አልኩ እኮ!» ሐቢብ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ ወላሂ አይወጣም። ሌላ አንባቢ አመጣለሁ።»

«አምጣ። በርህ ላይ ቆሜ ለሷም እነግራታለሁ።»

ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ወዲያው ከኋላዋ ሐቢብ የቀረጸውን ከፈተው፤ የገዛ ድምጿ በክፍቱ በር መጣ።

ከወለጋ ሸሽታ ሐይቅ ከገባች ጀምሮ ሰው እንዳይለያት ብላ የወሎን አነጋገር እየኮረጀች ነበር የምትናገረው። ይህች የምትሰማት ሴት ግን ቃሉን ረገጥ ረገጥ እያደረገች እንደ ወለጋ ልጅ ነበር የምትናገረው። ሐቢብ አላጠፋውም፤ ደገመው፣ ድምፁንም ጨመረበት።

ከደረጃው ፊት በባጃጅ ሰልፍ የቆሙት ሰዎች ቀና ብለው ወደ በሩ፣ ከዚያ ወደ እሷ አዩ። ረቢያ ሻሿን ልትሸፈንበት አልሳበችም፤ ፊቷንም አላዞረችም።