ክር ሊያስገቡ የገቡ ሰዎች

«ዛሬ ማሳመር ክልክል ነው» አለች መምህርቷ፣ የዕለቱን ጥያቄ ሰሌዳው ላይ እየጻፈች። «ለእግዚአብሔር ልትነግሩት አስባችሁ ያፈራችሁበትን ነገር ጻፉ። ጊዜያችሁ ሻዩ እስኪፈላ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ጥያቄውን አንብባ በልቧ ተነጫነጨች። የመጣችው ልትሰናበት ነው። በቤተ ክርስቲያኑ የጸሐፊዎች ኅብረት ውስጥ ወራት ተቀምጣለች፤ የጻፈችው ሁሉ ግን ጸጋና ብርሃን የበዛበት፣ ከዚህም ከዚያም ስብከት የተለቃቀመ ቁርጥራጭ ነበር። ሲነበብ ሰዎቹ በትሕትና «ጌታ ይባርክ» ይሉና ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ከዚያች «ጌታ ይባርክ» ይልቅ ቢሰድቧት ይሻላት ነበር። ከቤት ስትወጣ ባሏን «ዛሬ የመጨረሻዬ ነው፤ መጻፍ የኔ ነገር አይደለም» ብላዋለች። ከሻይ በኋላ ለነሱም ትነግራቸውና በቃ።

የተሰበሰቡት በሰንበት ትምህርት ክፍል ነው። ወንበሮቹ የሕፃናት ስለሆኑ የሁሉም ጉልበት አገጩ አጠገብ ደርሷል። የአውቶቡስ ሾፌሩማ ያን የሚያክል ሰውዬ፣ ከሥሩ ወንበር መኖሩ የሚታወቀው ሲንቋቋ ብቻ ነው።

ከእንግዲህ ማን ያየኛል ብላ መጻፍ ጀመረች። ማሳመሩን ተወችው። እስክሪብቶው እንደ ስፌት መኪናዋ ሳያቋርጥ ሮጠ፤ ሻዩ ገንፍሎ ክዳኑ ሲንጫጫ ገና ልትጨርስ አንድ መስመር ቀርቷት ነበር።

የኅብረቱ ደንብ እንዲህ ነው፤ ወረቀቱ ታጥፎ ይደባለቃል፣ አንዱ የሌላውን አንሥቶ ያነባል፣ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። የሷ ለሾፌሩ ደረሰው። ይህ ሰው የሱቅ ደረሰኝ ቢሰጡት እንኳ እንደ ጸሎት ነው የሚያነበው።

ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታ ሆይ» አለ፣ በዚያ ድምፁ። ሁሉም በልማድ አንገቱን ደፋ፣ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታ ሆይ፣ ዓይኔን ስላዳንክልኝ አመሰግንሃለሁ። ሐኪሙ ሞራውን ከገፈፈልኝ ወዲህ መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው ራሴ ነኝ።»

«አሜን» አሉ።

«ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ዓይኔን ያመመኝ ጊዜ፣ በሱቄ በር የሚያልፈውን ሁሉ እስቲ ክር አስገቡልኝ እል ነበር። ሥጋ ሻጩ እጁን በሽርጡ እየጠረገ ይገባል። ተማሪዎቹ እኔ ልሞክር፣ እኔ ልሞክር እየተባባሉ ይገባሉ። በአጥር ምክንያት የተኳረፍኳት ጎረቤቴ እንኳ አንድ ቀን ገባች። ክሩን አስገብታ ልትወጣ ስትል፣ ተመለሰችና ተቀመጠች። እስኪመሽ አወራን። አሁን ማንም አይገባም። ምን ብዬ ልጥራቸው? መዳኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

አሜን የሚል ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን ጫማዋን አየች። ይሄን ጉድ ለሰው አሳልፋ በመስጠቷ እፍረቱ ፊቷን አቃጠላት።

«እና ጌታ ሆይ፣ ውለታህን የረሳሁ አይምሰልህና፣ ካላስቸገርኩህ አንዱን ዓይኔን ትንሽ፣ ትንሽ ብቻ አደብዝዝልኝ።»

«አሜን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

መጀመሪያ ዓይኗን የገለጠችው ከሾፌሩ አጠገብ የተቀመጠችው ነርስ ናት። «ምኑን ነው አሜን ያላችሁት?» አለች። «የሰው ዓይን ይፍዘዝ እኮ ነው ያላችሁት።»

«እኔ አነበብኩ እንጂ አሜን አላልኩም» አለ ሾፌሩ ደንግጦ።

«አንተማ ከሁላችንም በላይ ነው የጮኽከው፣ ጋሼ።»

መምህርቷ አፏን በእጇ ብትይዘውም ሳቁ በአፍንጫዋ አመለጣት። ከዚያ ማን ይቻላቸው። ነርሷ እንባዋን ጠረገች። ሾፌሩ ሆዱን ይዞ ሲቀመጥ ወንበሩን ስቶ ወለሉ ላይ አረፈ፤ ከዚያው ሆኖ «ጌታ ሆይ፣ ያሁኑን አትቁጠርብን» ሲል ሳቁ እንደገና ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ በዚህ ክፍል እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምታ አታውቅም።

ሲረግብ «ጌታ ይባርክ» ያለ ሰው አልነበረም።

«ሥጋ ሻጩን ወደድኩት» አለ ሾፌሩ፣ አቧራውን እያራገፈ። «ሽርጡን ሳያወልቅ ነው የሚገባው?»

«ምን ያወልቃል፣ ደሙ ሳይደርቅ ነው እንጂ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ደንቡን ረስታ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ምላሷን ነከሰች፤ ጊዜው ግን አልፏል።

«ጎረቤትሽስ?» አለች መምህርቷ ወደ ፊት ጠጋ ብላ። «እስኪመሽ ምን አወራችሁ? እሱን እንዴት ሳትጽፊው ቀረሽ?»

«እኔ ከሥራ ስወጣ በዚያው በሱቅሽ በኩል ነው የማልፈው» አለች ነርሷ። «ክር ኖረም አልኖረም እገባለሁ፣ እትዬ።»

ደስታው ከሆዷ ተነሥቶ ጆሮዋ ድረስ አሞቃት። የተቀዳላትን ሻይ አንሥታ ፉት አለች፤ ትኩስ መሆኑን እንኳ ልብ አላለችም።

«የሚቀጥለውን ጥያቄ አንቺ ስጪን» አለች መምህርቷ።

ልትሰናበት ያሰበችው ልክ እዚህ ጋ ነበር። ቃሉም ምላሷ ላይ ነበር። አፏን ስትከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው፦

«በራችሁን ማን እንዲያንኳኳ ትፈልጋላችሁ?»

ሁሉም ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ። የእስክሪብቶ ድምፅ ብቻ ይሰማል። እሷ ያለችውን ጥያቄ፣ አንድም ቃል ሳያጎድሉ፣ ይጽፋሉ።

«ቀስ በይ እንጂ፣ እህቴ» አለ ሾፌሩ ቀና ሳይል። «አልደረስኩብሽም።»

«በራችሁን» አለችው፣ እንደገና።

ጻፈ።

«ማን» አለችና፣ እስኪደርስባት ጠበቀችው።