ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀች ቀን

በአሜሪካ ፕሮቮ ከተማ ባለው ወጥ ቤቷ ቆማ ኮክ ስትልጥ፣ የልጇ እጮኛ አንብቦ የጨረሰውን የቤተ ክርስቲያኗን ቅዱስ መጽሐፍ፣ መጽሐፈ ሞርሞንን፣ ይዞ ገባ። «እህት ሶረንሰን፣ መጨረሻው ላይ እውነት መሆኑን ፈጣሪን ጠይቁ ይላል። እርስዎ ሲጠይቁ ምን ተሰማዎት?»

መጽሐፉ በጥንት ነቢያት ከተጻፈ የወርቅ ሰሌዳ መተርጎሙን በየወሩ በምእመናኑ ፊት ትመሰክር ነበር፤ መጠየቅ ግን አስባው አታውቅም። «ደረቴን ሞቀኝ» አለችው፣ ሌሎች ሲሉ የሰማችውን።

«በሉ አብረን እንጠይቅ። ፈጣሪ ዝም ካለኝ ኮኩን ጨርሼ እሄዳለሁ» ብሎ እየሳቀ ተንበረከከ። እሷም አጠገቡ ተንበርክካ ጠየቀች፤ ጠበቀችም። የኮኩ ጭማቂ ጣቶቿ ላይ ደረቀ፤ ደረቷ ግን አልሞቀም።

ቀና ሲል ፊቱ በእንባ ርሶ ነበር። «ሞቀኝ! ልክ እርስዎ እንዳሉኝ!»

መነሳት አቃታት።

«ጉልበትዎ ነው?» ብሎ እጁን ዘረጋላት።

«አዎ» አለች፣ «ጉልበቴ ነው።»