የማይዘጋው በር

መሣሪያው "ሙያ በልብ ነው" ከሚሉት ወገን ነው። ውሎና አዳሩ እንቅልፍ ሲሆን፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነቅቶ በስልክ ኔትወርክ አንዲት አጭር መልእክት ይልካል። በዚህ ቁጥብነቱ አንድ ባትሪ ለዓመታት ይበቃዋል። የሠራው ተመራማሪ ለሙከራ የገጠመው ደባርቅ፣ እናቱ ቤት በር ላይ ነበር። "እማዬ፣ በርሽ በተከፈተ ቁጥር ደህና ማደርሽን አውቃለሁ" ብሏት አዲስ አበባ ተመለሰ፤ መደወሉንም ተወ።

የዶክትሬት ፈተናው ሊደርስ ሲል መሣሪያው አመለኛ ሆነ። ሰኞ ማለዳ "ተከፈተ" ብሎ ላከ፤ "ተዘጋ" ሳይል ግን ሐሙስ ሆነ። ቢቸግረው ደወለ። ስልኩን ያነሱት አጎቱ ናቸው።

"ጋሼ፣ እማዬስ?"

"ደህና ናት፤ ትንሽ ጋደም ብላ ነው።"

"በሩ ክፍት ነው እንዴ?"

"ኧረ ዝግ ነው። አንተ ፈተናህን አስብ።"

"ውሸታም ዕቃ!" አለ ስልኩን ዘግቶ።

ዓርብ ዕለት ፈታኞቹ ፊት ቆሞ የመሣሪያውን እንከን አልሸሸገም፤ "አንዳንዴ ያልሆነውን ይናገራል" አለ። የጥናቱ አማካሪ አንገቱን ደፋ። የተመራማሪው ሐቀኝነት ተመሰገነለት፤ ዶክተር ተባለ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። አማካሪው፣ የክፍሉ መምህራንና አጎቱ ናቸው። እንኳን ደስ ያለህ ሊሉት የመጡ መስሎት እየሳቀ አስገባቸው። በሩን ሊዘጋ ሲል አጎቱ እጁን ያዙት።

"ተወው ልጄ፤ በሩ አይዘጋም። ሰው ይመጣል።"