ኦፓል የወለደች ዕለት

"ኔቪል! አንተ ኔቪል! የያዝከውን ጣልና ና!"

ግሌንዳ መንሹን እንደጨበጠች ድርቅ ብላ ቀርታለች። የታጨደውን ሣር ላገላብጥ ብላ አንዴ ወጋ ብታደርገው የላይኛው ተንሸራቶ ወረደና ከሥሩ ጥቁርና ቢጫ ጥቅልል ብቅ አለ። ኦፓል ናት! በጥቅምት የሽቦ ቤቷ በር ሳይቀረቀር አድሮ የጠፋችው ዘንዶ፣ ሰፈሩ ሁሉ የተፈለገላት፣ ግሌንዳ አልቅሳ አልቅሳ ቁርጧን ያወቀችባት ኦፓል ከጓሮው እንኳ አልወጣችም።

ጎረቤቷ ኔቪል በአጥሩ ክፍተት ሾልኮ መጣ። የሻይ ኩባያውን አልጣለውም።

"ውይ! አለችልሽ እንዴ! አላልኩሽም?"

"ምን አልከኝ? 'ቀበሮ በልቷት ነው' አይደል ያልከኝ!"

"እሱንም ብያለሁ፣ ሌላም ብያለሁ። ቆይ ቆይ፣ ያቀፈችው ምንድን ነው?"

ሁለቱም ጎንበስ አሉ። እንቁላል ነው፤ ነጭ፣ እርስ በርሱ የተጣበቀ አንድ እቅፍ እንቁላል። ኦፓል ዙሪያውን ተጠምጥማ አናቱ ላይ ጭንቅላቷን አስደግፋለች። ግሌንዳ እልል ልትል ምንም አልቀራትም። ለስንት ዓመት የጠበቀችው እንቁላል ነው። ከጎስፈርድ ከተማ አምጥታ ስታረባው የኖረችው ንጹሕ ዘር የቀረው ኦፓል ላይ ብቻ ነው፤ ወንዱ ዳርሲ ሞቷል፣ ኦፓልም አርጅታለች። ከዚህ በኋላ መውለዷን እንጃ።

ደስታው ግን አፏ ውስጥ ቀረ። ከክምሩ ጎን አንድ ዘንዶ ገፎ የጣለው ቆዳ ተጋድሟል። አንስታ ወደ ፀሐይ ዘረጋችው። የኦፓል አይነት ነጠብጣብ የለበትም፤ ወፍራም ወፍራም ቡናማ መቀነት ነው።

"የተከራዩ ነው" አለች ቀስ ብላ።

ተከራዩ ከጫካ መጥቶ ኮርኒሷ ውስጥ የሚኖር የዱር ዘንዶ ነው። የቤት ኪራዩን በአይጥ ይከፍላል። ግሌንዳ ትወደዋለች፤ የምትወደው ግን እንደ ተከራይ እንጂ እንደ አማች አይደለም። በጥቅምት ኮርኒሱ ጭጭ ሲል 'የት ሄዶ ይሆን?' ብላ ነበር። ይኸው የሄደበት።

"ዋይ ጉዴ! ዲቃላ! በገዛ ጓሮዬ ዲቃላ!"

ኔቪል ሳቁን መያዝ አቃተው። እሱ እያዳቀለ የሚያረባ ሰው ነው፤ እንደበሰለ ማንጎ ቢጫ የሆኑ ዘንዶዎች አሉት፣ ግሌንዳ ግን የዘንዶ አርቢዎች ማኅበር ሊቀመንበር ከሆነች ጀምሮ አንዱንም በትርኢቱ ጠረጴዛ ላይ አሳይቶ አያውቅም። በየስብሰባው ተነስታ የምትለው ያው ነው፦ ዘር አንዴ ከተደባለቀ አይመለስም፤ የዲቃላ እንቁላል ሳይፈለፈል ይሙት፣ ቦታው ፍሪዘር ነው።

"ሃያ ዓመት ሙሉ ስጨቀጭቅሽ አልሰማ አልሽ" አለ ኔቪል። "ይሄ ሸለቆ እኮ ከአያቶቻችን በፊት ሲያዳቅላቸው የኖረ ነው። ማን ፈቃድ ጠየቀ?"

"ጫካው እንደፈለገ ያድርግ! እኔ ደጅ ግን..."

ቆዳውን እጇ ውስጥ ጨመደደችው። ኔቪልም ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋበት። ኩባያውን ሣሩ ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ። የማኅበሩን ሰዎች የዳርሲ ነው በያቸው። ዘሩ ሆዷ ውስጥ ቆይቶ ነው በይ፤ በዘንዶ ያጋጥማል። ሲፈለፈሉ ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ መልካቸው እስኪለይ ዓመታት ይፈጃል። ይሄን ቆዳ እኔ አቃጥለዋለሁ። ከእኔ አፍ አይወጣም።"

ግሌንዳ ቀና ብላ አየችው። ሲያበሽቃት የኖረ ሰው ስሟን ሊያድንላት ውሸት ይዞላት መጣ። ከምር ነው ደግሞ።

"አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም" አለችው፤ ድምጿ ግን ለስልሷል።

"ታዲያ ፍሪዘር ልትከቻቸው ነው?"

ግሌንዳ ተንበርክካ እጇን ኦፓል ጀርባ ላይ አሳረፈች። ኦፓል አልሸሸችም፣ አፏንም አልከፈተችም። ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ከጭንቅላቷ እስከ ጭራዋ፣ ሳታቋርጥ፣ እንቁላሎቿን በገዛ ሥጋዋ እያሞቀች። ማን እንደነገራት እንጃ፤ ጎስፈርድ ይሁን ጫካ፣ ለእሷ ሁሉም የሆዷ ፍሬ ነው።

በዚያው ቅጽበት የደቡቡ ነፋስ ዛፎቹን አንኮሻኮሻቸው፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

"ዝናቡ እንዳይመታት! ቆርቆሮ የለህም? ሮጥ በል እንጂ፣ ምን ይገትርሃል!"

ኔቪል ከመጋዘኑ ቆርቆሮ እየጎተተ ሲመለስ ጠብታው ጀምሯል። ግሌንዳ ሣሩን መልሳ እንደ ብርድ ልብስ አለበሰቻት፤ የኦፓልን ፊት ብቻ ተወችው። ቆርቆሮውን በድንጋይ ላይ አጋድመው ጣሪያ ሠሩላት።

"ቅዳሜ ማኅበሩ ፊት ምን ልትዪ ነው?"

"ያለውን ነዋ! እናት ኦፓል፣ የጎስፈርድ ዘር። አባት ተከራዬ፣ አድራሻው የእኔ ኮርኒስ። የሚስቅ ይሳቅ።"

"ከፊት ወንበር ነው የምቀመጠው።"

"ተቀመጥ። አንዱን ቢጫህንም ይዘህ ና።"

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ሁለቱም በስብሰዋል፣ ማናቸውም ግን ወደ ቤት ለመሄድ አልቸኮሉም። ግሌንዳ እንደገና ጎንበስ ብላ ከቆርቆሮው ሥር ጭንቅላቷን አስገባች።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ የኔ እመቤት" አለቻት።