የአራት ቁጥር ማሽን ሪፖርት

በካርቶን ፋብሪካው ውስጥ ሪፖርት የምትሠራው ሴት ወንድሟን ካጣች ሰባት ወር ሆኗታል። መካኒክ ነበር። አራት ቁጥር መቁረጫ ማሽን ውስጥ የተሰነቀረ ካርቶን ሊያወጣ እጁን ሰደደ፤ ማሽኑ አልለቀቀውም።

ፋብሪካው «በራሱ የጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ዘጋው።

የወንድሟ ሚስት ይህን ስትሰማ እንባ እንኳ አልመጣላትም። «ሌላው ቢቀር ስሙን አጥሪልኝ» አለቻት። «ልጆቹ ትምህርት ቤት ‹የግዴለሹ ልጆች› እየተባሉ ነው። ፋብሪካው ፍተሻ ባለበት ቀን እንኳ በጊዜ ገብቶ የቤት ሥራ የሚያሠራቸው አባት እንዲህ ይባል?»

እሷም ኮምፒውተሯ ላይ ባለው ሪፖርት ግራፉን የምትቀያይር አንዲት ቁልፍ ጨመረች። አንዴ ሲጫኗት በሁለት ዓመት ውስጥ የተጎዱት ዘጠኝ ሰዎች በየስማቸው ይታያሉ፤ ለእያንዳንዱ አንዳንድ አጭር ዘንግ። ደግመው ሲጫኗት ስሞቹ ጠፍተው ማሽኖቹ ይመጣሉ። ያኔ አራት ቁጥር ዘጠኙንም ጉዳት ይዞ ብቻውን ተገትሮ ይቀራል።

የጥገና ኃላፊው ከኋላዋ ቆመው አዩት። ወንድሟን ቀጥረው ሥራ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ይቺን ቁልፍ አጥፊያት።»

«ለምን?»

«ማሽኑ ተነቅሎ ሄዷል። ከእንግዲህ ማንንም አይነካም። በቃ፣ እንተወው።»

«በየሳምንቱ ‹ደህና ነው› እያለ ሲፈርምለት የነበረው ማነው? የፍተሻውን መዝገብስ ለምን ቆለፉት?»

ዓይኗን ሸሹ። «ለልጆቹ ስትይ ተይው» ብለው ወጡ።

ልጆቹን ሲያነሱባት ደሟ ፈላ። ማስፈራራት መሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳቻቸው።

ስብሰባው ሰኞ ጠዋት ነበር። ሥራ አስኪያጇና የክፍል ኃላፊዎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ግራፉ ግድግዳው ላይ በራ። ቁልፏን ተጫነች። ሰው። ማሽን። እንደገና ሰው። እንደገና ማሽን።

«ታዲያ ይህን ማሽን ማን ነበር የሚፈትሸው?» አሉ ሥራ አስኪያጇ።

«መዝገቡ እሳቸው ጋ ነው። የይለፍ ቃል አድርገውበታል» አለች ወደ ጥገና ኃላፊው እያመለከተች።

«ይክፈቱት።»

የጥገና ኃላፊው ላብ አጠመቃቸው። «እባክዎ፣ ሰዉ ይውጣና ለብቻዎ ላሳይዎት።»

«በሁሉም ፊት ይሁን!» አለች፣ ሥራ አስኪያጇን ቀድማ። ሰባት ወር ሙሉ አፍና የያዘችው ድምፅ ነበር።

ሽማግሌው በአንድ ጣታቸው ፊደል በፊደል ጻፉ። ፋይሉ ሲከፈት ውስጡን እንኳ ሳታይ ከሪፖርቱ ጋር አገናኘችው፤ ለቁልፏም እያንዳንዱ ሰው ሲጎዳ ማሽኑን «ደህና ነው» ብሎ የፈረመውን የሚያሳይ ሦስተኛ ግራፍ ሰጠቻት፦ «በፈታሽ»። ኃላፊው ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ፊታቸውን አዞሩ። እፍረት ነው አለች በልቧ። የወንድሟን ሚስት አሰበች፤ ዛሬ ቤቷ ሄዳ ምን ብላ እንደምትነግራት።

ተጫነችው።

ግድግዳው ላይ እስከ ዘጠኝ የሚደርስ አንድ ዘንግ ብቻ ቆመ፤ ከሥሩ የተጻፈው የወንድሟ ስም ነበር።